ጥቁሯ ሲንጀር ሆድ ውስጥ ምን አለ?

ዛሬ ስለ ወረቀት ጉዳይ፣ ስለ ቀጠሮና ስለ ራሽን አይደለም የምጽፈው። ስለ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ረጅም ነው፤ ሻይ ቀድታችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን «በእኛ» ብዬ ካልለየሁ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ነገሩ የተነሣው እዚሁ ጅቡቲ ከተማ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ነው። እዚያ ጥላው ላይ ተቀምጠው የሚሰፉ እናት አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሱሪያችንን የሚያሳጥሩልን፣ የልጆቻችንን ዩኒፎርም የሚጠግኑልን እሳቸው ናቸው። መኪናቸው በእግር የምትረገጥ ጥቁር ሲንጀር ናት፤ አንገቷ ላይ የነበረው የወርቅ ቀለም ከመነካካት ብዛት ለቋል። ማክሰኞ ዕለት አንድ የወሎ ልጅ መጣ። ሰላም ብሎ ቁጢጥ አለና፣ «እትዬ፣ ካላስቸገርኩ ስልኬን መርፌዋ አጠገብ ላስጠጋ?» አላቸው።

«ምን ልትሆን?»

«ኔትወርኩ ይጠፋ እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።»

እትዬ ቀና ብለው አዩትና «የኔ ልጅ፣ ኔትወርኩማ መኪናዬ ሳትኖርም ይጠፋል» አሉት። ሳቅን።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ልጁ ቀስ ብሎ ሲያጫውተን፣ ሪያድ ያለች እህቱ ለመንገዱና ለቤት ኪራዩ የላከችለት ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ነው። አንድ ደላላ «150,000 ፍራንክ ክፈልና ጥቁር ሲንጀር ላግኝልህ፤ ገዢው ከባሕር ማዶ መጥቶ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ይቆጥርልሃል» ብሎታል። ምክንያቱን ሲጠይቀው ደላላው እንዲህ አለው፦ ሲንጀር በጦርነቱ ጊዜ የጦር መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ ለቦምብ የተዘጋጀው ቀይ ሜርኩሪ መኪናዎቹ ሆድ ውስጥ ቀርቷል፤ እውነተኛው የሚታወቀው ስልክ ሲጠጋው መስመር ሲቆርጥ ነው። ልጁ ሐሙስ ሊከፍል ቀጠሮ ይዟል።

ሳዑዲ የነበራችሁ ይህን ወሬ ታውቁታላችሁ። በ2009 የጸደይ ወራት በሳዑዲ ከተሞች ሰው አሮጌ ሲንጀር ፍለጋ ገበያውን አጥለቅልቆት ነበር። በጥቂት መቶ ሪያል የማትሸጥ መኪና እስከ 200,000 ሪያል ተጠራባት። አንዳንዱ ወርቅ ትስባለች አለ፣ ሌላው ለጂኒ ትሆናለች አለ፣ የቀረው ለኒውክሌር ትሆናለች አለ። ፖሊስ ማጭበርበር ነው ብሎ ምርመራ ውስጥ ገባ። ቀይ ሜርኩሪ የሚባል ተአምረኛ ነገር በሳይንስ የለም። ሜርኩሪ የምናውቀው እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ብረት ነው፤ በልብስ ስፌት መኪና ውስጥ አንድም ሥራ የለውም። በሲንጀር ሆድ ውስጥ ያለው ዘይት፣ አቧራና ያለፈው ዓመት ክር ነው።

ይሁንና ደላላው ከተናገረው ውስጥ አንዱ እውነት ነው። ሲንጀር የጦር መሣሪያ ሠርቷል። ሰውን የሚያሳምነውም ውሸቱ ሳይሆን ይህች ጫፍ ናት። ስለዚህ እውነቱን እስከ መጨረሻው እንየው፤ እኔም አዲስ አበባ ሳለሁ ቶርኖ ቤት ስለሠራሁ በብረት ነገር ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ይስሐቅ ሲንጀር የተባለው አሜሪካዊ የመኪናውን የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1851 ነው። በነገራችን ላይ ሰውዬው መጀመሪያ ተዋናይ ነበር፤ ንግዱን ያስተካከለው ሸሪኩ ጠበቃው ኤድዋርድ ክላርክ ነው። በ1856 አካባቢ መኪናን በየወሩ እየከፈሉ መውሰድ የሚባለውን መንገድ የጀመሩት እነሱ ናቸው። ድሃ ሴት መኪናዋን በሠራችበት ገንዘብ መኪናዋን ትከፍላለች ማለት ነው። በ1873 በኒው ጀርሲ፣ ኤልዛቤት ከተማ ወደብ ላይ ትልቅ ፋብሪካ ከፈቱ። በ1885 ደግሞ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ክላይድባንክ በምትባል ከተማ ኪልቦዊ የተባለውን ግዙፍ ፋብሪካ አቆሙ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከዚያ ብቻ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ይወጣ ነበር። ሠራተኛውን የሚያመላልስ ባቡር ስለነበረ ጣቢያውም በስሙ ተጠራ፤ ዛሬ ፋብሪካው የለም፣ «ሲንጀር» የሚባለው ባቡር ጣቢያ ግን አሁንም ሰው ያወርዳል ይጭናል። ለገሃር ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» መሆኑን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ብረቱ። የልብስ ስፌት መኪና ምን ያህል ጥንቁቅ ነገር እንደሆነች ብዙ ሰው አያስተውልም። መርፌዋ የላይኛውን ክር ይዛ ጨርቁን ወግታ ትወርዳለች። ከታች ደርሳ ትንሽ ወደ ላይ ስትመለስ ክሩ ከመርፌዋ ጎን ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ከታች ያለው ሹል ብረት ቀለበቱ ውስጥ ይገባና የታችኛውን ክር አሻግሮ ያቆላልፈዋል። ሹሉ ከመርፌዋ ጋር መነካካት የለበትም፤ ቢነካካ መርፌ ይሰበራል። ከራቀ ደግሞ ቀለበቱን ይስተዋል፣ ስፌቱ ይዘላል። በሁለቱ መሃል ያለው ክፍተት ከአንድ ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ይህ በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ፣ ለሃምሳ ዓመት፣ አቧራ እየገባበት ሳይዛነፍ መሥራት አለበት። ጠመንጃ እንኳ እንዲህ አይፈተንም፤ ጠመንጃ አብዛኛውን ዕድሜውን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የሚኖረው።

ይህ ጥበብ ከየት መጣ ብትሉ፣ የሚገርመው ከጠመንጃ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የአንዱ ጠመንጃ ክፍል ለሌላው ጠመንጃ እንዲገጥም ለማድረግ ብዙ ዓመት ደከሙ። መለኪያ ሠሩ፣ አንድ ዓይነት ሥራ ብቻ የሚሠሩ መቁረጫ ማሽኖች ሠሩ። ያንን የተማሩ ባለሙያዎች ወደ ልብስ ስፌት መኪና ፋብሪካዎች ሄዱ። ሲንጀር ራሱ ግን ለረጅም ጊዜ ክፍሎቹን በሞረድ እያስተካከለ ነበር የሚገጥመው፤ ከተወዳዳሪዎቹ ዘግይቶ ነው ወደ መለኪያው የመጣው። የኩባንያው ዝና ይህን ያስረሳል።

ሬሚንግተንን እንውሰድ። ኒው ዮርክ ውስጥ ኢሊየን በምትባል ከተማ ጠመንጃ የሚሠራ ቤት ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲያልቅ ገበያው ቀዘቀዘና ልብስ ስፌት መኪና መሥራት ጀመረ፤ በ1873 ደግሞ የመጀመሪያዎቹን የጽሕፈት መኪናዎች እዚያው ሠራ። ያቺ የጽሕፈት መኪና የልብስ ስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ በእግር እየተረገጠች ነበር መስመር የምትቀይረው። በእነዚያው ዓመታት የሬሚንግተን ጠመንጃ ወደ ግብፅ በብዛት ተሸጧል። የኬዲቭ እስማኤል ጦር እሱን ታጥቆ መጣብን። ጉንደትና ጉራዕ ላይ፣ በእኛ በ1868 ዓ.ም. ማለት ነው፣ የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ሲያደርግ በሺህ የሚቆጠሩ ሬሚንግተኖች በእጃችን ገቡ። ከአንድ የፋብሪካ ግቢ የወጣ ብረት አንዱ ቀሚስ ይሰፋል፣ አንዱ ጉራዕ ላይ ይወድቃል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የክላይድባንኩ ሲንጀር ከ5,000 በላይ የመንግሥት ውል ተቀበለ። የመድፍ ጥይት ቀፎ፣ የጥይት ማፈንጃ ክፍል፣ የጠመንጃና የአውሮፕላን ዕቃ፣ ሌላው ቀርቶ 361,000 የፈረስ ጫማ ሠራ። ጦርነቱ ሲያልቅ ከ14,000ው ሠራተኛ ሰባ በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ስፌት የሴት ነው፣ ብረት የወንድ ነው ለሚሉን አጎቶች ይህችን ቁጥር አስቀምጡልኝ።

ሁለተኛው ጦርነት ሲቃረብ የአሜሪካ መንግሥት አንድ ነገር አሰበ። ጦርነት ከመጣ የጠመንጃ ፋብሪካዎቹ ብቻ አይበቁም። ስለዚህ በ1938 መሣሪያ ሠርተው ለማያውቁ ፋብሪካዎች ትንሽ ትንሽ ሥራ እየሰጡ ማለማመድ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። «የመማሪያ ትእዛዝ» ነበር የሚባለው። ዓላማው ዕቃውን ማግኘት አልነበረም፤ ሥዕሉ፣ መለኪያውና ማሽኑ ተዘጋጅቶ እንዲቀመጥ ነው። ሲንጀር በኤፕሪል 1940 የደረሰው ትእዛዝ 500 ሽጉጥ ነበር። ሽጉጡ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ ኮልት .45 እያልን የምናውቀው ኤም1911ኤ1 ነው።

ሲንጀር ኤልዛቤት በሚገኘው ፋብሪካው አምስት መቶውን ሠርቶ አስረከበ። ቁጥራቸው ከኤስ800001 እስከ ኤስ800500 ነው። ከዚያ በኋላ አንድም ሽጉጥ አልሠራም። ብዙ ሰው «አቅቶት ነው የተወው» ይላል፤ ነገሩ ሌላ ነው። እንዲህ ጥንቁቅ እጅ ያለውን ፋብሪካ በሽጉጥ ማድከም ብክነት ሆኖ ታየ። ሽጉጥ ሌላው ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ የሲንጀር የሽጉጥ መሥሪያ ማሽኖችና መለኪያዎች ተነቅለው አብዛኞቹ ለሬሚንግተን ራንድ ተሰጡ። ይህ ጠመንጃ ሠሪው ሬሚንግተን አይደለም፤ ከዚያ ቤት የተለየው የጽሕፈት መኪና ኩባንያ ነው። ጽሕፈት መኪና የሚሠሩት ሰዎች እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ከ800,000 በላይ ሽጉጥ ሠሩ። ሌላ 55,000 ሽጉጥ የሠራው ደግሞ ማን ይመስላችኋል? ዩኒየን ስዊች ኤንድ ሲግናል የሚባል የባቡር ሐዲድ ምልክትና መቀየሪያ የሚሠራ ድርጅት። አሮጌው ጣቢያ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ ይህን ለእትዬ ስነግራቸው «ይኸው እኛም ባቡር ጣቢያ ነን፤ ምነው አንድ ሽጉጥ ሳይጥሉልን ቀሩ» ብለው አሾፉብኝ።

ሲንጀር ራሱ የተሰጠው ሥራ ጥይት የሚተፋ ነገር አልነበረም፤ የሚያስብ ነገር ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ኬሪሰን ለፀረ አውሮፕላን መድፍ አንድ የስሌት ሳጥን ነድፎ ነበር። አሜሪካኖቹ ኤም5 ብለው ተቀበሉት፣ ሲንጀር ሠራው። ችግሩ እንዲህ ነው፦ አውሮፕላን ባለበት ቦታ ላይ ብትተኩስ ጥይቱ እስኪደርስ አውሮፕላኑ አልፏል። ወደፊት የሚደርስበትን ቦታ ማስላት ያስፈልጋል። ሰዎቹ በመነጽር አውሮፕላኑን እየተከተሉ መዘውር ሲያዞሩ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሳም ጎማዎችና የብረት ቅርጾች ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ደምረው ቀንሰው 40 ሚሊሜትሩን የቦፎርስ መድፍ ራሳቸው ያነጣጥሩታል። ኮምፒውተር ነው፤ ኤሌክትሪኩ የሚያንቀሳቅሰው ብቻ ነው፣ ሐሳቡ ያለው በብረቱ ጥርስ ውስጥ ነው። አንድ ጥርስ በፀጉር ያህል ቢዛነፍ ስህተቱ ሰማይ ላይ ሲደርስ ብዙ ሜትር ይሆናል። ክር ከመርፌ የሚያቆላልፈውን ሹል ብረት በሚሊዮን የሠራ እጅ ለዚህ ነው የተፈለገው። ደላላው ቢያውቀው ይህን መሸጥ ነበረበት።

አምስት መቶዎቹ ሽጉጦች ዛሬ የሰብሳቢዎች ዓይን ያረፈባቸው ናቸው፤ በጨረታ ከ100,000 ዶላር በላይ ያወጡ አሉ። ውድ ያደረጋቸው ጥቂት መሆናቸውና ጥራታቸው ነው። ስለዚህ «ሲንጀር ብዙ ዶላር ያወጣል» የሚለው ወሬ እንኳ ሥር አለው፤ ግን ሽጉጡ ነው፣ መኪናዋ አይደለችም። እንደ እትዬ ያለችው መኪና በዓለም ላይ በሚሊዮን ትገኛለች።

ክላይድባንክም አልቀረለትም። ከቀላሉ መትረየስ ከስቴን የመጀመሪያዎቹ እዚያው ሲንጀር ፋብሪካ ነው የተሠሩት። በማርች 1941፣ በ13ኛውና በ14ኛው ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ። ለመኪና ጠረጴዛ የተከመረው የሲንጀር ጣውላ ተያይዞ ሰማዩን አበራው። ከ500 በላይ ሰው ሞተ፤ ከ12,000 ቤት ምንም ያልሆኑት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ከተማዋን ጥሎ ወጣ። ጥቅልሉን በራሱ ላይ፣ ልጁን በጀርባው፣ በእጁ የያዘውን አላውቅም ብሎ የሄደ ሰው ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን የሚመረውን ልንገራችሁ። ሲንጀር በጀርመን አገር፣ ቪተንበርገ በምትባል ከተማም ትልቅ ፋብሪካ ነበረው። እሱም በጦርነቱ ጊዜ መሣሪያ ይሠራ ነበር፤ ለጀርመን ጦር። አንድ ስም በሁለት ወገን። የቪተንበርገው ሴት ሠራተኛና የክላይድባንኳ ሴት ሠራተኛ ከጦርነቱ በፊት አንድ ዓይነት መኪና ይሠሩ ነበር።

በተቃራኒው የሄዱም አሉ። የስዊድኑ ሁስክቫርና በ1689 በጠመንጃ ነው የጀመረው፤ ልብስ ስፌት መኪና የሠራው ከ1872 ጀምሮ ነው። አገር ቤት የልብስ ፋብሪካ የሠራችሁ እህቶች ጁኪን ታውቁታላችሁ። ጁኪ በ1938 ቶኪዮ ውስጥ ወደ 900 የሚጠጉ የማሽን ባለቤቶች አዋጥተው ያቋቋሙት ሲሆን፣ ለጃፓን ጦር ጠመንጃ ይሠራ ነበር። ጃፓን ስትሸነፍ ጠመንጃ ተከለከለ፤ ማሽኑና ባለሙያው ግን አለ። በ1947 የመጀመሪያውን የቤት ልብስ ስፌት መኪና አወጡ።

የእኛን አገር ጋፋትንም ላንሳ። አፄ ቴዎድሮስ ዘመን እጅ ሥራ ሊያስተምሩ የመጡ የፈረንጅ ሚሲዮናውያን ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ሰፍረው ነበር። ንጉሡ የፈለጉት ማረሻና በር አልነበረም፤ መድፍ ነው። «አናውቅም» ቢሉ የሚሰማቸው አልነበረም፤ እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው ተማሩ። ሴባስቶፖል የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው መድፍ የዚያ ውጤት ነው። ሕዝብ በገመድ እየጎተተ መቅደላ አወጣው፤ ዛሬም እዚያው ተቀምጧል። ባለሙያን ከሙያው አውጥቶ ወደ መሣሪያ መውሰድ የኒው ጀርሲ ፈጠራ አይደለም። ልዩነቱ እነሱ ውል ፈረሙ፣ የእኛዎቹ ደግሞ በንጉሥ ቁጣ ነው የሠሩት። ለእኔ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም።

ወደ ጣቢያችን ልመለስ። ይህ ሐዲድ የተወለደው አፄ ምኒልክ በ1894 ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ነው። ከጅቡቲ ሥራው የተጀመረው በ1897 ነው፤ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። ከሐዲዱ በፊት መሣሪያ በግመል ነበር የሚገባው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ከታጁራ ተነሥቶ ለምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ አንኮበር ድረስ የተንከራተተው በ1886ና በ1887 ነው፤ አተረፈ ብላችሁ እንዳታስቡ። ውጅግራ የምንለው ጠመንጃ ስሙ ራሱ «ፉዚል ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ባቡሩ ሲመጣ ይኸው መንገድ ሁሉንም ተሸከመ፤ አቡጀዲውን፣ ጨውን፣ የልብስ ስፌት መኪናውን፣ ጥይቱን። የአዲስ አበባ በረንዳ ላይ የሰፉት አባቶቻችን መኪናቸው በዚህ በር ገብታለች።

ጣሊያን በ1935 ሲወርረን ግን በሩ ጠበበ። መሣሪያ በጅቡቲ እንዳያልፍ ፈረንሳዮች ከለከሉ። በጨርቁ ላይ እገዳ አልነበረም። በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው በማግስቱ እዚህ ጣቢያ ወረዱ። ከዚያ በእንግሊዝ መርከብ ሄዱ። ጠመንጃ አናሳልፍም ያለው ጣቢያ ስደተኛውን ንጉሥ አሳለፈ። እዚያ አጥር ሥር ስቀመጥ ይህ ነገር ይመጣብኛል።

ሐሙስ ጠዋት ልጁን ወደ እትዬ ይዤው ሄድኩ። እትዬ ሳይሰለቹ ጨርቁን አነሡ፣ መኪናዋን ወደ ኋላ አጋደሙ። ሆዷን አየ፤ ዘንግ፣ ጥርስ፣ ዘይት፣ የተቋጠረ ሰማያዊ ክር። ቁጥሯ የሚጀምረው በዋይ ፊደል ነው። ይህ ማለት በሁለቱ ጦርነቶች መካከል ክላይድባንክ የተሠራች ናት፤ ከመትረየሱ በፊት፣ ከእሳቱ በፊት። ልጁ ስልኩን አስጠጋ፤ መስመሩ አልጠፋም። ስልኩ እንዲያውም ጮኸ፤ እህቱ ናት ከሪያድ። «ከፈልክ እንዴ?» ስትለው ሰማሁ። «አልከፈልኩም» አላት።

ደላላው አሁንም ይዞራል። ስሙን አልጽፍም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌላ ልጅ ከማግኘቱ በፊት ይህን ጽሑፍ አጋሩት።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የእትዬ መኪና ቺንጊያ ተበጥሶ በሽቦ ነው የታሰረው። ከአዲስ አበባ በዚህ ሳምንት የሚመጣ ሰው ካለ ከመርካቶ አንድ የቆዳ ቺንጊያ ይዞ ይምጣ። ለእግር መኪና ነው፤ ክቡ፣ በብረት መንጠቆ የሚያያዘው። ገንዘቡን እኔ እከፍላለሁ።